ረዳት የሚቆምበት

ከተክለ ሃይማኖት ቁልቁል፣ ከጎማ ነጋዴው ጀርባ፣
ሁለት መኪና ጎን ለጎን በማያስገባ
ቅያስ ውስጥ፣ ሸረፋ ጋራዥ አለው።
ቅዳሜ ከሰዓት ታክሲዬን እሱ ጋ አቆምኩት፤
ይታገሱ የወንበሩን ብሎን በነጭ ጋዝ ለመነው፣
እኔ በመዶሻ ጨረስኩት።
መቀመጫውን ሁሉ ከግንቡ አስደገፍን፣
ሞኬቱን እንደ በግ ቆዳ ገፈፍን።

ሰው ስንቱን ይጥላል በአንዲት አሮጌ ታክሲ!
የሱፍ ገለባ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የሕፃን ካልሲ፣
የሁለት ክረምት ጭቃ።
ከእኔው ወንበር ሥር ደግሞ፣ አፈር ለብሶ፣ ዝጎ፣
አሥራ ሦስት ቁልፌ።
አምና ጠፋ ብዬ ስንት ቀን የተነጫነጭኩበት፣
በአፌ ምንም ሳልል፣ በዐይኔ ብቻ
የይታገሱን ኪስ የፈተሽኩበት።
ዘወር ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ከበሩ አጠገብ፣ ረዳት በሚቆምበት፣
ላሜራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የቀረበት፣
አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።
ክረምት ሽቅብ የሚዘንበው በእሱ ነው፤
ከመልስ ሳንቲም ስንቱ በእሱ ሾልኮ
አስፋልት ላይ ተንከባለለ።
የሳሳው ቦታ የሁለት እግር መልክ አለው።
መሪ ከመጨበጤ በፊት ሰባት ዓመት የቆምኩት እዚያው ነው፤
ከእኔ በፊት ቦጋለ፣ ከእኔ ወዲህ ይታገሱ።
ስንት ጫማ ጨርሶ፣ በስንት ጫማ አለቀ እሱ!

ሸረፋ ግን እግር አያይም፤ ላሜራ ነው የሚያይ።
በጠመኔ ከበበው፣ ቆረጠው፣ አዲስ በየደ ከላይ፣
በፌሮ ብሩሽ አስጮኸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣
በቲነር እንደ ቁስል ጠረገው።
«ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም» አለ፣ አቧራውን ከጢሙ እያራገፈ፣
«ይሉኝታ ነው።
ሳምንት ያምራል፤ ከሥር ግን ይበላል፣ እያረፈ።»
ሳላስበው እጄ ኪሴን ነካው።

ቀለሙ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ነው፣ ባለ ሁለት ጣሳ፤
አንደኛው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ ሌላው ማድረቂያ።
«አንዴ ከተጋቡ አርባ ደቂቃ ነው፣ እንዳትረሳ፤
ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው፣ የለም መለያያ።»

ጀመርን። ከኋላ ወደ በሩ፣ ራሳችንን እንዳንዘጋ፣
ሮለሩ እየተጣበቀ፣ ሽታው ዐይን እየወጋ፣
ወለሉ እንደ ድመት ምላስ እየሻከረ፣
ሃያኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።
ይታገሱ ከውጭ ቆሞ በስልኩ አበራልን።
ሠላሳ። ሠላሳ አምስት። በሩ ጋ ደረስን፣ ጨረስን፤
ወገባችንን ይዘን ተነፈስን።

ያኔ መብራት መጣ።
ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ሲል፣ ይታገሱም «መጣ!»
ብሎ፣ ልማድ የራሱ እግር አለውና፣
ዘሎ ቦታው ላይ ወጣ።

የሸረፋ ጩኸት ጎጃም በረንዳ ተሰማ።
ልጁ በአንድ እግሩ ወረደ፤ ተጣብቆ ቀረ ጫማ።
ስንነቅለው የሶሉ ጥርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል።
ጣሳውን አየን፦ አርባው ደቂቃ አልቋል፣
ሮለሩ መሃሉ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሟል።

«ስንት ቁጥር ነው ጫማህ?» አለ ሸረፋ፣ ንዴቱ ሲበርድ።
«አርባ አንድ።»
«በል እንግዲህ፣ ጌታህ ሌላ ረዳት ሲያምረው
አርባ አንድ እግር ይፈልግ።»

ሰኞ። ሽታው ገና አልለቀቀም፣ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው።
«ለገሃር፣ ለገሃር! የሞላ፣ አንድ ሰው!»
ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ አንድ ብር ሳንቲም አመለጠው።
እስከ ዛሬ በጆሮው ነበር የሚከተለው፣
ቅጭል ሲል የትኛው ወንበር ሥር እንደገባ ያውቅ ነበር።
አዲሱ ወለል ግን ምንም አላለ፤ ዝም ብሎ ተቀበለው።
ጎንበስ ብሎ፣ በሰው እግር መሃል፣
በመዳፉ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ አገኘው።

ቀና ሲል ግራ እግሩ ሳያይ ማኅተሙ ውስጥ ገባ።
በመስታወት ተያየን። ሳቀ።
እኔ ማርሽ ቀየርኩ።
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ጭኔን ይወጋል፤
እስካሁን አልነገርኩትም።